«ምነው ተመለስሽ?»

ሰላም የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ስለ ወጣቶች ስደት በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከጓደኞቼ ጋር ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቁጭ ብለን አነበብነው። ደህና ጽሑፍ ነው። በመንፈሳዊ ጉዞ ስም ወጥተው እዛው ስለሚቀሩ ልጆች የሚያወራው ቦታ ላይ ስንደርስ ግን ሁሉም ዞር ብለው እኔን አዩኝ። ተሳሳቅን። ቤት ስገባ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም፣ ይኸው ቁጭ ብዬ እየጻፍኩላችሁ ነው።

እኔ በመንፈሳዊ ጉዞ ሄጄ የተመለስኩ ነኝ። በ2015 ክረምት፣ ከሐምሌ 25 እስከ 30፣ ፖርቱጋል ሊዝበን በተደረገው የካቶሊክ ዓለም አቀፍ የወጣቶች ቀን ላይ በበጎ ፈቃድ አገልግያለሁ። ሐዋሳ ላይ እኛ ካቶሊኮች ጥቂት ስለሆንን ብዙ ሰው በዓሉን አያውቀውም። ያስጀመሩት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ናቸው። በየጥቂት ዓመቱ አገር እየቀያየረ ይዞራል። አፍሪካ ላይ እስካሁን አንዴም አልተደረገም፤ እሱ ራሱን የቻለ ቅሬታ ነው፣ ለሌላ ቀን።

ቪዛ ስጠይቅ «ትመለሻለሽ ወይ?» ተባልኩ። አልከፋኝም፣ ሥራቸው ነው። የከፋኝ የሰፈሬ ነው። ሻንጣዬን ልዘጋ ስል እንደ እናቴ የማያቸው ጎረቤታችን በርበሬና ሽሮ ቋጥረው መጡና ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብለው «የኔ ልጅ፣ አንዴ እግርሽ ከረገጠ እንዳትመለሺ» አሉኝ። ምርቃት መሆኑ ነው እንግዲህ። በርበሬውን ተቀበልኩ።

እዛ ሥራዬ ምን ነበር? ውኃ። ቴዡ ወንዝ ዳር አንድ ሰፊ ሜዳ አለ፣ ከፊሉ ድሮ ቆሻሻ መድፊያ ነበር። ሐምሌ 29 ቅዳሜ ማታ 1.5 ሚሊዮን ገደማ ሰው እዛ ሜዳ ላይ ጸልዮ እዛው መሬት ላይ አደረ። ቀኑን ሙሉ ሙቀቱ መተሐራን ያስንቃል። እኔና አንዲት ብራዚላዊት ቧንቧ አጠገብ ቆመን ሰልፍ እናስይዛለን፣ ለደከመው እንቀዳለን። ከፖርቱጋልኛ የማውቀው «አግዋ» እና «በዚህ በኩል» የሚለውን ብቻ ነው። ማታ ላይ ጣቶቼ ልብስ ሳጥብ የዋልኩ ይመስል ተጨማደው ነበር። እኩለ ሌሊት አካባቢ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው አንዲት ሲስተር (መነኩሲት) ካርቶን አንጥፈው ከተኙበት ተነሡ፣ እጄን ይዘው ካርቶናቸው ላይ አስቀመጡኝና ቧንቧው ጋ ራሳቸው ቆሙ። በምን ቋንቋ እንዳወሩኝ እስካሁን አላውቅም። ንጋት ላይ ደግሞ ዲጄ የሆነ ቄስ በቴክኖ ሙዚቃ ቀሰቀሰን፤ እኛ አገር ቢሆን ስንት ዓመት እንደሚወራ አስቡት።

ከሜዳው አጠገብ 17 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የቫስኮ ዳ ጋማ ድልድይ ይታያል። የመርከበኛው የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ክሪስቶቮ እኛ አገር መጥቶ እ.አ.አ. በ1542 እዚሁ እንደሞተ ለብራዚላዊቷ ስነግራት አላመነችኝም፣ ስልኳ ላይ ፈልጋ ነው ያመነችው። «እሱ እናንተ ጋ መጥቶ ቀረ፣ አንቺ ደግሞ እኛ ጋ ቅሪ» አለችኝ። እሷም ጀመረች!

አንድ ነገር ግን ልደብቃችሁ አልፈልግም። በዚያው ሰሞን ከአፍሪካ ከመጡት አንዳንዶቹ ከተመዘገቡበት ቦታ አልተገኙም የሚል ዜና በፖርቱጋል ሚዲያ ወጣ። በማግስቱ ጠዋት የቡድናችን አስተባባሪ ሁለቴ ቆጠረን። መጀመሪያ ሁላችንንም፣ ቀጥሎ ጥቁሮቹን ብቻ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሐምሌ 27 በአቀባበሉ ላይ ቤተ ክርስቲያን ለሁሉም ቦታ አላት ብለው «ሁሉም፣ ሁሉም፣ ሁሉም» እያሉ ሕዝቡን ሲያስደግሙት ጉሮሮዬ እስኪነቃ ነበር አብሬ የጮኽኩት። ስቆጠር ያ ጩኸት ነው ትዝ ያለኝ። ከዛ ሁሉ በኋላ ደግሞ ከአገሬ ሰው «እንዳትመለሺ» መባል ምን ማለት እንደሆነ ፍረዱኝ። ቆጣሪውም መራቂያችንም የጠበቁብኝ አንድ ነገር ነው።

እሑድ በመዝጊያው ቅዳሴ የተነበበው ወንጌል የታቦር ተራራው ነበር፤ በላቲን ሥርዓት ደብረ ታቦር የሚውለው ያን ዕለት ነው፣ ከኛ አገር ቡሄ 13 ቀን ቀድሞ። ጴጥሮስ እዚህ መሆን ለእኛ መልካም ነው፣ ሦስት ዳስ እንሥራ ይላል። ግን ወረዱ። እኔ ደግሞ ታቦር ሲባል በዓይኔ የመጣው ቤታችን በር ላይ ቆሜ የማየው የሐዋሳው ተራራ ነው።

ስመለስ «ምነው ተመለስሽ? አሞሽ ነው? አባረሩሽ?» እንጂ ምን ሠርተሽ መጣሽ ያለኝ የለም። አንድ የባጃጅ ሹፌር ብቻ ጠየቀኝ። ውኃ ስቀዳ ነበር አልኩት። «ውኃ ለመቅዳት ፖርቱጋል! እኛ ሰፈር እኮ ውኃ ከጠፋች ሳምንቷ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። እውነቱን ነው። ደግሞም እዚሁ ገብርኤል ሲነግሥ ገመድ ይዘው መንገድ የሚከፍቱትን፣ ምንጣፍ የሚያነጥፉትን፣ ለመንገደኛ ውኃ የሚያድሉትን የኦርቶዶክስ ልጆች ሳይ፣ እነሱ ሊዝበን ቢሄዱ አስተባባሪውን ራሱን ያስተምሩት ነበር እላለሁ። እነሱን ግን ማንም «በምን ስም መጣችሁ» አይላቸውም።

ቀጣዩ በዓል ደቡብ ኮሪያ፣ ሴኡል ነው፣ ከሐምሌ 27 እስከ ነሐሴ 2፣ 2019። እኔ አልሄድም፣ ተራው የሌሎች ነው። ከቁምስናችን (ከአጥቢያችን) ሁለት ልጆች ከወዲሁ ገንዘብ እያጠራቀሙ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ዓሣ ጠብሰው ይሸጣሉ። አዘጋጆች ሆይ፣ ስለሚቀሩት መጻፋችሁን አልቃወምም፤ ሲመለሱ ግን አንድ ሰው ልካችሁ ምን ሠርታችሁ መጣችሁ በሏቸው።

ጎረቤታችን ወሬውን ሰምተው ትናንት «ሴኡል ዶላሩ እንዴት ነው?» አሉኝ። በርበሬ መቋጠራቸው አይቀርም። ልጆቹ ለቡሄ ይደርሳሉ ብያቸዋለሁ፣ ሙልሙሉን ከወዲሁ ያስቡበት።

አንዲት አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ