ነጭ ሽንኩርቱና የልጄ አውራ ጣት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ኪንታሮት የቤት ውስጥ መድኃኒት ያወጣችሁትን አነበብኩ። የምጽፈው እጅ ላይ ስለሚወጣው ነው፣ መቀመጫ ላይ ስለሚወጣው አይደለም። ሁለቱንም በአንድ ስም ስለምንጠራቸው ፋርማሲ ውስጥ ተስቆብኛል።

የ9 ዓመት ልጄ ቀኝ አውራ ጣት ላይ ሽምብራ የምታህል ወጣችበት። ጎረቤቴ «ነጭ ሽንኩርት ወቅጠሽ እሰሪበት» አለችኝ። አንድ ፍሬ ወቅጬ በፕላስተር አሰርኩለት። ሌሊት «እማዬ፣ አቃጠለኝ» ሲለኝ፣ «እየሠራ ነው፣ ተኛ» አልኩት። እስካሁን ይቆጨኛል። ጠዋት ስፈታው ኪንታሮቷ እንዳለች ናት፤ ዙሪያዋ ያለው ደህና ቆዳ ግን ውሃ ቋጥሯል። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ታስሮ ሲያድር ቆዳ እንደሚያቃጥል ማን ነገረኝ?

ከዚያ የሙዝ ልጣጭ ሦስት ሳምንት አሰርኩለት። አልጎዳውም፣ አልጠቀመውም። አቼቶ መሞከሩን ግን ፈራሁ፤ እሱም አሲድ ነው።

በኋላ ጤና ጣቢያ ያገኘኋት ነርስ፣ ነገሩ ቫይረስ እንደሆነና የብዙ ልጆች ኪንታሮት በሁለት ዓመት ውስጥ በራሱ እንደሚጠፋ አስረዳችኝ። ያኔ የጎረቤቴ ነገር ገባኝ፦ ሊጠፋ በተቃረበበት ሳምንት የታሰረበት ሁሉ መድኃኒት ይባላል! አሁን ሳሊሲሊክ አሲድ የሚባለውን የኪንታሮት መድኃኒት እየቀባሁለት ነው፤ ጣቱን ለብ ባለ ውሃ እዘፈዝፍና የሞተውን ቆዳ በሞረድ አነሳለሁ። ወራት ይፈጃል ተብያለሁ።

እባካችሁ ስትጽፉ ይህ መድኃኒት ፊትና ብልት ላይ እንዳይሞከር፣ የስኳር ሕመምተኛም ሐኪም ሳያማክር እንዳይነካው ጨምሩበት።

አንዲት እናት፣ ከደሴ