«ጭፈራ ሥራ ነው እንዴ?» ላሉኝ ኃላፊ

ይድረስ የሠራተኛ ጉዳይ ለሚመለከትዎ ኃላፊ፤

ሦስት ጊዜ ቢሮዎ መጥቻለሁ። ሁለቴ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብዬ ተመለስኩ። በሦስተኛው አገኘሁዎት። በሥራ ላይ ስለደረሰብኝ ጉዳት የጻፍኩትን ማመልከቻ እስከ ግማሽ አነበቡና «ጭፈራ ደግሞ ሥራ ነው እንዴ?» አሉኝ። አጠገብዎ የተቀመጡት ሳቁ። እኔ ከሂርማታ በባጃጅ፣ ከባጃጁ እስከ ጠረጴዛዎ ደግሞ በክራንች ነበር የመጣሁት። ያን ቀን እንባ ስለተናነቀኝ መልስ አልሰጠሁዎትም። መልሴ ይኸውልዎ።

ተወዛዋዥ ነኝ። ጅማ ውስጥ በባህል ምግብ ቤቶች 11 ዓመት ሠርቻለሁ። በሳምንት 6 ቀን፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት። የቤት ኪራዬን የምከፍለው፣ ልጄን የማስተምረው በዚሁ ነው። ሥራ ማለት ሌላ ምንድን ነው?

የተጎዳሁት የበዓል ዋዜማ ነው። የምሠራበት ምግብ ቤት መድረክ ሲሚንቶ ላይ የተለጠፈ ሴራሚክ ነው። ለድምቀት ተብሎ ቄጠማ ተጎዘጎዘበት። ዝናብ የጠገበ እርጥብ ቄጠማ። ባለቤቱን «ያንሸራትተናል፣ ከመድረኩ ላይ ይነሳልን» አልኩት። «እንግዳ ገብቷል፣ ጀምሩ» አለኝ። ጉራግኛው ላይ ዘልዬ ሳርፍ ግራ እግሬ ከዳኝ፣ ጉልበቴ ወደ ውስጥ ታጠፈ። ቋ ሲል ሰማሁት። ከበሮው አልቆመም። ታዳሚው የጭፈራው ስልት መስሎት አጨበጨበ። እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ከቄጠማው ሥር ያቆረውን ውሃ በመዳፌ እዳስስ ነበር።

በረዶ የያዘልኝ፣ ፋሻ የጠቀለለልኝ ሰው አልነበረም። ወጌሻ ቤት ወሰዱኝና ያበጠውን ጉልበት አሹት። አዲስ ያበጠ ጉልበት እንደማይታሽ፣ በረዶ ተይዞበት፣ ተጠቅልሎ፣ ከፍ ተደርጎ ማረፍ እንደነበረበት የነገረኝ በኋላ ያየኝ ሐኪም ነው። ጅማቱ ተበጥሷል።

ብዙ ሰው «ዕድልሽ ነው» ይለኛል። አልቀበልም። ሰው ዘሎ ሲያርፍ እግሩ ላይ የሚያርፈው ጫና ከክብደቱ ብዙ እጥፍ ነው። ከሥሩ ክፍተት ያለው የጣውላ ወለል ትንሽ ይለምጣል፣ ጫናውን ይካፈላል። ሲሚንቶ አይለምጥም፤ ሁሉንም ለቅልጥምና ለጉልበት ይመልሰዋል። ጓደኞቼ ቅልጥማቸውን ቅባት እየቀቡ የሚያድሩት ለዚህ ነው። ሰውነታችንን የምናሟሙቅበት ቦታም የለንም። ልብስ የምንቀይረው በወጥ ቤቱና በመጋዘኑ መሃል ባለች መተላለፊያ ነው። አስተናጋጅ በላያችን ሰሃን ይዞ ያልፋል። ከዚያ በቀጥታ፣ ብርድ በያዘው እግር፣ መድረክ።

ሕጉን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ሠራተኛውን ከአደጋ እንዲጠብቅ፣ አደጋ ሲደርስም መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ እንዲያሳውቅ ያዛል። በሥራ ላይ የተጎዳ ሰው ሕክምናውን አሠሪው ይሸፍንለታል። ሥራ መሥራት ሳይችል ሲቀር የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን ያገኛል፤ ቀጥሎ ባሉት 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ። ለእኔ አንድ ወር እንኳ አልተከፈለኝም። በሳምንቱ ሌላ ልጅ ተቀጠረች።

«የጽሑፍ ውል አለሽ?» ብለውኛል። የለኝም። ለመድረክ ሰው የጽሑፍ ውል የሚሰጠው የት ነው? ግን ይኸው አዋጅ ውሉ በጽሑፍ ስላልሆነ ብቻ ሠራተኛ መብቱን እንደማያጣ ይናገራል። ግንበኛ ከመወጣጫ ላይ ቢወድቅ «ግንባታ ሥራ ነው እንዴ?» ይሉታል? እኔም ወለል ላይ የወደቅኩት እየሠራሁ ነው። ያቺን «ጭፈራ ሥራ ነው እንዴ?» ያሏትን ንግግር እንዲያርሟት እፈልጋለሁ። ማመልከቻዬንም እስከ መጨረሻው እንዲያነቡት።

የእኔ ጉልበት ይታከም ይሆናል። ያቺ በቦታዬ የተቀጠረች ልጅ ግን ገና 19 ዓመቷ ነው። ባለፈው ሳምንት ደውላ «እህቴ፣ ቅልጥሜን ያመኛል፣ ምን ልቀባ?» አለችኝ። ቅባት አልነገርኳትም። ወለሉ ያው ነው።

ቤቱ የቱ እንደሆነ ማመልከቻዬ ላይ ተጽፏል። ተቆጣጣሪዎን ቅዳሜ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ይላኩልን። ጫማውን ያውልቅና መድረኩ ላይ አንዴ ዘሎ ይረፍ።

አንዲት ተወዛዋዥ
ከጅማ