ታምሜ በተኛሁበት ጊዜ ላልተለያችሁኝ የጎንደር ወገኖቼ

ባለፈው ኅዳር ወር በአራዳ አካባቢ በሚገኝ አንድ ግቢ የአዲሱን አስቂኝ ፊልማችንን የሠርግ ትዕይንት እየቀረጽን ሳለ በድንገት ታምሜ ከወደቅሁበት ሰዓት አንሥቶ፣ ሥራው ተጠናቅቆ ለተመልካች እስከበቃበት ዕለት ድረስ በጸሎት፣ በገንዘብና በጉልበት ላልተለያችሁኝ ሁሉ የከበረ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ የማመሰግነው ቤታቸውን ለቀረጻ የሰጡንን እናት ነው። ሥራው የተቋረጠው ሙሽራው ወደ ቤት ሲገባ ቀርጸን ሲወጣ ሳንቀርጽ ስለነበር፣ ግድግዳው መልኩን ቢለውጥ ወይም መሶቡ ከቦታው ንቅንቅ ቢል ሁለቱ ቀረጻዎች አይገጥሙም ነበር። ረዳቴ ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ቢነግራቸው፣ እኚህ እናት ለ3 ወራት ዕቃ ሳያነሡ፣ ለጥር 11 እንኳ ቤታቸውን ቀለም ሳያስቀቡ ጠበቁን። ጥምቀትን በጠቆረ ግድግዳ መቀበል ለአንዲት የጎንደር እመቤት ምን ማለት እንደሆነ የአገሬ ሰው ያውቀዋል። የሰፈሩ ወጣቶችም ዳሱን እየጠገኑ አቆዩልን፤ አላፊ አግዳሚው «ሙሽራው ምን ነክቶት ቀረ?» ሲላቸው «ዳይሬክተሩን አሟቸው ነው» እያሉ ይመልሱ ነበር አሉ። (እኔ ከጻፍኋቸው ቀልዶች ይህ ስለበለጠብኝ ሳላስፈቅዳቸው ፊልሙ ውስጥ አስገብቼዋለሁ፤ ይቅርታ።)

ወደዚህ ሙያ የገባሁት በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ ዲጂታል ካሜራ በአገራችን ፊልም መሥራትን ባቀለለበት ዘመን፣ ከሠርግ ቀራጭነት ተነሥቼ ነው። አለቃ ገብረ ሐና በተማሩበትና ባስተማሩበት ከተማ ቀልድ ጽፌ እንጀራ ልብላ ማለቴ ድፍረት ነበር፤ የመጀመሪያ ሥራዎቼም ቀልድ በቀልድ ሆነው ሳለ የሚስቅ ጠፋ። የጎደለኝን ያሳየኝ ኤዲተራችን ነው። ተመልካች ሲስቅ ቀጣዩን ንግግር ስለማይሰማ፣ ከቀልዱ በኋላ ዝም ያለ ፊት ማቆየት እንደሚገባና በሰከንድ 24 ምስል በሚያልፍበት ፊልም 12ቷ ብቻ እንኳ ብትጎድል ሳቁን ልታጠፋው እንደምትችል ከእሱ ተምሬአለሁ። በሕመሜ ጊዜም ያለ ክፍያ ሌሊቱን እየሠራ የተቀረጸውን አሰናድቶ ጠብቆኛል።

ላከሙኝ ሐኪሞችና ነርሶች፣ ቀጠሯቸውን ሰርዘው ለተመለሱት ተዋንያን፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ጄኔሬተራቸውን ላዋሱን ጎረቤት ምስጋናዬ ይድረስ።

የእናታችንን ቤት የፊልሙ ቡድን በራሱ ወጪና ጉልበት ለመቀባት ቃል ገብቷል። ብሩሹ ተገዝቷል፤ አሁን የምንጠብቀው እሳቸው ቀለሙን እስኪመርጡ ነው።