አዝኜለት አይደለም ያገባሁት፦ ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ከረምሽ እናቴ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ኮምቦልቻ ሙቀቱ በርትቷል። አባትሽም ደህና ነው፤ ዛሬም በጠዋት ጎሚስታ ቤቱን ሊከፍት ወጥቷል።

የላክሽልኝን የልብወለድሽን ምዕራፎች ማታ ማታ መነጽሬን አድርጌ ከስልኬ ላይ አንብቤ ጨረስኩ። ማሽአላህ፣ እጅሽ ይባረክ። የሐረጎን ቁልቁለት የጻፍሽበት ቦታ ላይ ስደርስ ስልኩን አስቀምጬ ውሃ ጠጣሁ። ጭነት የያዘ ተሳቢ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ፣ ፍሬኑ ግሎ እምቢ ሲል፣ ረዳቱ ሲጮህ... አጠገባቸው ተቀምጠሽ ያየሽ ነው የሚመስለው።

ስለ ሴቲቱ ግን የምነግርሽ አለኝ። ስሟን ብትቀይሪውም እኔ እንደሆንኩ አውቄያለሁ። መልአክ አድርገሻታል። እግሩ የተቆረጠውን ሰው «እኔ ካልደረስኩለት ማን ይደርስለታል» ብላ ታገባዋለች፤ አንድም ቀን ሳትቆጣ፣ አንድም ቀን ሳይደክማት ታስታምመዋለች። ልጄ፣ እኔ አባትሽን አዝኜለት አይደለም ያገባሁት። ወድጄው ነው። ፈልጌው ነው። ይህን ከእናትሽ አፍ መስማት ካሳፈረሽ አብሽሪ። የፍቅር ልብወለድ የሚጽፍ ሰው እንዲህ ያለውን መስማት መቻል አለበት።

ከአደጋው በፊት አውቀዋለሁ። ከ1990ው ጦርነት በፊት የአገሩ ዕቃ በአብዛኛው በአሰብ ነበር የሚገባው። የአሰብ መንገድ ሾፌሮች በባቲ፣ በሚሌ እየተመላለሱ ኮምቦልቻ ያድራሉ። እኔ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እሠራ ነበር። ከሽፍት ስንወጣ ከጓደኞቼ ጋር ሻይ የምንጠጣበት ቤት እሱም ይመጣል። ሳቁ ከመንገድ ማዶ ይሰማል። እጁ ላይ ግራሶ አይጠፋም፣ አፉ ላይ ደግሞ የባቲ ዜማ አይጠፋም። ሳይመጣ ሲቀር ሻዬ እስኪቀዘቅዝ በሩን አይ ነበር። እንግዲህ ይህ ሁሉ እግሩ ሳይቆረጥ ነው። አንቺ ግን ፍቅሩን ከሆስፒታል አልጋ ላይ ነው የጀመርሽው።

አሁን ስለ ትራሱ ልንገርሽ፤ መጽሐፍሽ ውስጥ የለም።

እግሩ ከጉልበቱ በታች ነው የተቆረጠው። ቀኝ እግሩ፣ ፍሬንና ነዳጅ የሚረግጥበት። ጠያቂ ሲገባ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው እዚያ ፋሻ ላይ ነው። አክስቱ፣ አላህ ይማራትና፣ አንጀቷ አልችል ሲላት ትራስ አምጥታ ከጉልበቱ ሥር ትሸጉጥለታለች። እሱም እፎይ ይላል። ወዲያው ነርሷ ትመጣና ትራሱን ትወስደዋለች። አክስቱ «ጨካኝ!» ብላ ታለቅሳለች። አንድ ቀን ነርሷን ኮሪደር ላይ ተከትዬ ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት። «ጉልበቱ እንደታጠፈ ከከረመ ጅማቱ ያጥርና አልዘረጋም ይላል፤ ያልተዘረጋ ጉልበት ላይ ደግሞ ሰው ሠራሽ እግር አስገጥሞ መራመድ ከባድ ነው» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ትራሱን የምነሳው እኔ ሆንኩ። ይለምነኛል። «አንድ አፍታ ብቻ» ይላል። እምቢ እለዋለሁ። ይሰድበኛል፣ እኔም እመልስለታለሁ። አስታማሚዋ እናቱ ነበረች፤ እሷም ግራ ገብቷት ታየናለች። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ እሱ ፊት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አይዞህ» ነበር የሚለው። የሚከራከረው ሰው አልነበረውም። አንድ ቀን ትራሱን ስንጓተት ሳቀ። ያው የድሮው ሳቅ። ልጄ፣ ያንን ጻፊው። የአንቺዋ ሴት ብትሆን ትራሱን ትተውለት ነበር።

የሌለው እግሩንም ነገር እይው። «ባዶውን ቦታ አይቶ አለቀሰ» ብለሽ አልፈሽዋል። አባትሽን ያሰቃየው ሌላ ነው። የሌለው አውራ ጣቱ ይበላዋል። ሌሊት ሌሊት የሌለው ተረከዙ ይቃጠልበታል። እናቱ ጂን መስሏት ቁርኣን የተቀራበት ውሃ ልታስመጣ ነበር። እግር ተቆርጦ ቢሄድም አእምሮ እግሩ እንዳለ እንደሚቆጥር ያስረዳቻት ያችው ነርስ ናት። ለእሱም ትልቅ እረፍት ሆነለት፤ አብጃለሁ ብሎ ፈርቶ ነበር።

ከሆስፒታል ሲወጣ እህቱ ቤት ገባና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እኔንም አላይም አለ። «አካሌ ጎድሎ የሰው ልጅ አላስርም» አለ። አንቺ በዚህ ቦታ ሴቲቱን አስለቅሰሻታል። እኔ ተናድጄ እናቱ ዘንድ ሄድኩ። «እማማ፣ እሱ ሽማግሌ ካልላከ እርስዎ ይላኩ፤ እምቢ የሚል ካለ እኔ ልበል» አልኳቸው። ሳቁም አለቀሱም። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አባቴ ስለ እግሩ አንድም ቃል አላነሳም። «በምን ሊያኖራት ነው?» ብሎ ብቻ ጠየቀ። ለማንም አማች የሚቀርብ ጥያቄ ነው። አባትሽ ይህን ሲሰማ ነው ከአልጋው የተነሳው። ሾፌር ጓደኞቹ አዋጥተው ኮምፕሬሰር ገዙለት። እኔ ወርቄን ሸጬ አላቋቋምኩትም፤ ያን የወርቅ ታሪክ አውጪው። ጎማ በዳሰሳ የሚያውቅ ሰው ነው፣ ሥራው የራሱ ነው።

ስለ ሠርጋችን ሌሊት አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ሠራሽ እግሩን ሊፈታ ሲል «መብራቱን አጥፊው» አለኝ። አላጠፋሁትም። እግሩን እኔ ፈታሁለት። ለሌሊቱም ፋሻውን እኔ ጠቀለልኩለት፤ የስምንት ቁጥር ቅርጽ እያደረጉ፣ ታች ጠበቅ፣ ወደ ላይ ላላ። ነርሷ አስተምራኝ ነበር። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። እንዴት አድርገሽ እንደምታስገቢው አንቺ ታውቂያለሽ።

መጨረሻውን ግን እንዳለ አልወደድኩትም። እግሩን ይገጥማል፣ በዚያው ቀን እስክስታ ይመታል። አባትሽ አዲስ አበባ ሄዶ ያሠራው የመጀመሪያው እግር ጥቂት ወራት ቆይቶ ሰፋው። የተቆረጠው ቦታ እብጠቱ እየጎደለ ይከሳልና። ካልሲ በካልሲ ላይ እየደረበ ከረመ። አሸው፣ አቆሰለው፣ እንደገና ተለክቶ ተሠራለት። መስጊድ ሲገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ። ሰው ሠራሽ እግር የሚስተካከለው በጫማው ተረከዝ ልክ ነው። ጫማ ሲወልቅ ወደ ኋላ ይጥላል። መጀመሪያ ጁምዓ የሄደ ቀን በሩ ላይ ጫማውን አውልቆ ሊወድቅ ሲል ከኋላው ያለ ሰው ያዘው። ከዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ መስገድ ጀመረ፤ ሃይማኖታችን ይፈቅዳል። ሠርጋችን ላይም ተቀምጦ ነው ያጨበጨበው። ሰፈሩ ሁሉ ጨፈረ፣ እሱ እያዜመ መራቸው። ይህ ከእስክስታው ያንሳል?

ይህን ሁሉ የምለው ዝም ብዬ አይደለም። ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ እዚህ ወሎ እግሩን ወይ እጁን ያጣ ወጣት ብዙ ነው። እነሱም እጮኞቻቸውም መጽሐፍሽን ያነቡታል። እንዲህ ያለውን ሰው የምትወድ መልአክ ብቻ ናት ብሎ የሚያምን ልጅ፣ የምትወደውን ሴት «ለኔ ብለሽ ሕይወትሽን አታበላሺ» ብሎ ያባርራታል። አባትሽም ሊያባርረኝ ነበር። እሷም «መልአክ አይደለሁምና አልችለውም» ብላ ትሄድ ይሆናል። እኔ እንደማንኛዋም ሴት የምቆጣ፣ የምቀና፣ የሚደክመኝ ነኝ። እሱም ወባ ይዞኝ በተኛሁ ጊዜ በአንድ እግሩና በክራንች ሾርባ ሲያመላልስልኝ ከርሟል። ያ ምዕራፍስ የት አለ? ያንቺን ሰው ሁልጊዜ ተቀባይ አታድርጊው። እሱም ይስጥ፣ እሱም ያስታምም።

ጊዜ ካገኘሽ ደሴ ያለው የአካል ተሃድሶ ማዕከል ሄደሽ፣ አስፈቅደሽ፣ ሰዎቹን አነጋግሪ። ፈቃደኛ የሆነ ይነግርሻል።

ለአባትሽ ምዕራፎቹን አላሳየሁትም፣ ምንም አልነገርኩትም። እግሩም ታሪኩም የእሱ ነው፤ ከማሳተምሽ በፊት አንቺው ፈቃዱን ጠይቂው። ለዒድ ስትመጪ አትመሽው ነይ፣ ስልክ ላይ ማንበብ ዓይኑን ያመዋል። ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝለት ጎሚስታ ቤቱ ሂጂና እዚያው አንብቢለት። የመብራቱን ነገር ግን ያን ቀን ዝለይው።

እናትሽ፣
ከኮምቦልቻ