«ሰው ይሰማን ይሆን?»

ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ደሴ ፒያሳ ሞባይል እጠግናለሁ። በገበያ ቀን ብዙ እናቶች ጎራ ይላሉ። ስልካቸው ተበላሽቶ አይደለም። ዓረብ አገር ላለች ልጃቸው ድምፅ እንድልክላቸው ነው።

በቀደም አንዲት እናት ከተሁለደሬ መጡ። ስልኩን ከመቀነታቸው ፈተው ሰጡኝ። ዋትሳፕ ከፍቼ ማይኩን ተጫንኩላቸው። ዝም አሉ። በሩን አዩ። «ልጄ፣ ሰው ይሰማን ይሆን?» አሉኝ። «አብሽሩ እማማ፣ ከልጅዎ በቀር ማንም አይሰማም» አልኳቸው። ከዚያ የወንድሟን ሕመም፣ የዕቁቡን ብር፣ የአሠሪዋን ነገር ሁሉ ዘረገፉት። እኔም ፊቴን ወደምፈታው ስልክ አዞርኩ።

አልዋሸኋቸውም። ዋትሳፕ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ መልእክቱን ላኪው ስልክ ላይ ይቆልፈዋል፤ መፍቻው ተቀባዩ ስልክ ላይ ነው። ኩባንያው ራሱ አይሰማውም። (የቴሌግራም ተራ ቻት እንዲህ አይደለም፤ ሚስጥራዊ ቻት መክፈት ያስፈልጋል። ይህን ስነግር ደንበኞቼ አያምኑኝም።)

የሚያሳስበኝ በየአገሩ «የመፍቻው ቅጂ እኛም ዘንድ ይቀመጥ» የሚሉ መንግሥታት መኖራቸው ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1993 ክሊፐር የተባለ የስልክ ንግግር የሚቆልፍ ቺፕ አመጣች፤ የቁልፉ ግልባጭ በመንግሥት እጅ እንዲሆን። በዓመቱ አንድ ተመራማሪ ቀዳዳውን አሳየ፤ ነገሩም ከሰመ። የግሪኩ ይብሳል። መንግሥት በሕግ ስልክ እንዲያዳምጥበት ተብሎ በስልክ ኩባንያ ማሽን ውስጥ የተሠራውን በር ሌሎች ከፍተው ገቡበት። እ.ኤ.አ. በ2004 እና 2005 የጠቅላይ ሚኒስትሩን ጨምሮ ከ100 በላይ ስልኮች ተጠለፉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩን ያላስጣለ ነገር የተሁለደሬዋን እናት ሊያስጥል ነው?

ወንጀለኛ አይያዝ አላልኩም። ፖሊስ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዞ የተጠርጣሪ ስልክ ቢወስድ ማንም አይከፋውም። የአንድ ሰው ቤት መፈተሽና የከተማውን ቁልፍ ሁሉ አስቀርጾ መሳቢያ ውስጥ ማኖር ግን ለየቅል ነው። መሳቢያው ራሱ ይሰረቃላ!

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የስልክና የኤሌክትሮኒክስ ግንኙነታችን እንዳይደፈር ይላል። አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የግል ዳታችንን ጥበቃ ለእናንተ ሰጥቷል። ልመናዬ አንድ ነው። በምታወጡት መመሪያ ውስጥ «ማንም አገልግሎት ሰጪ የደንበኞቹን ቁልፍ ግልባጭ ለየትኛውም መሥሪያ ቤት እንዲያስቀምጥ አይገደድም» የሚል ዐረፍተ ነገር ይግባ። በግልጽ አማርኛ ይሁን። አትሜ ሱቄ በር ላይ እለጥፈዋለሁ።

እኒያ እናት በሚመጣው ገበያ ይመለሳሉ። ልጅቷ መልስ ልካለች፤ ገና አልሰሙትም።

ከአክብሮት ጋር
የደሴው ሞባይል ጠጋኝ