ለኢንዶስኮፒ ክፍላችን፦ ዳግም የድጋፍ ጥሪ

ይህን ደብዳቤ ድጋሚ መጻፍ አልፈለግንም ነበር። ባለፈው ጥሪ መጨረሻ ላይ «ከዚህ በኋላ አናስቸግራችሁም» ብለን ነበር። አፍረናል። ምን እናድርግ፣ ነገሩ ከእጃችን ወጣ።

ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ያለን አንድ የጨጓራ ኢንዶስኮፕ፣ በአፍ ገብቶ የሆድን ውስጥ የሚያሳየው ባለ ካሜራ ቱቦ፣ ሥራ አቁሟል። የምታጥበው ነርስ እንደ ሁልጊዜው በአየር ሞልታ ውሃ ውስጥ ከተተችው። ጫፉ አካባቢ፣ ቱቦው ከሚተጣጠፍበት ላይ፣ ትንንሽ አረፋዎች ተከታትለው መውጣት ጀመሩ። አረፋ ካለ ቀዳዳ አለ። በቀዳዳው ውሃ ገብቶ ካሜራውን ይገድላል። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ጀርም መደበቂያ ማግኘቱ ነው። ቀጠሮ ይዘው የተቀመጡ ሰዎች ነበሩ። «ዛሬን ብቻ እንጨርስበት» ተባለች። እምቢ አለች። ልክ ነበረች።

ለጥገናው የጀመርነው መዋጮ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቆሟል። ሰው ሰልችቷል፣ ይገባናል። እኛም ደክሞናል። የሂሳብ ቁጥሩ ያው የድሮው ነው፤ ከዚህ በፊት በተቆረጠላችሁ ደረሰኝ ላይ የታተመው።

አንድ አባል በስብሰባ ላይ «ኢንዶስኮፒ ማየት ብቻ አይደል እንዴ፣ ለማየት ይህን ያህል ወጪ?» ብለው ጠይቀዋል። ጥያቄው የብዙ ሰው ስለሆነ እዚህ እንመልሰው። ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።

መጀመሪያ ላይ እውነትም ማየት ነበር። በ1957 ባሲል ሂርሾዊትስ የተባለ ሐኪም ከመስታወት ክሮች የተሠራውን ተጣጣፊ ቱቦ ቀድሞ ራሱ ዋጠው። ቆየት ብሎ ቱቦው እጅ አወጣ። በ1969 ሂሮሚ ሺንያና ዊልያም ዎልፍ በቱቦው ውስጥ የሽቦ ማነቂያ አሳልፈው የትልቁ አንጀት ፖሊፕ (በአንጀት ግድግዳ ላይ የሚበቅል፣ አንዳንዱ ወደ ካንሰር የሚለወጥ እብጠት) ቆርጠው ማውጣት ጀመሩ፣ ሆድ ሳይከፈት። በ2012 የታተመ የረጅም ጊዜ ክትትል እንዳሳየው፣ ፖሊፓቸው የተወገደላቸው ሰዎች በትልቁ አንጀት ካንሰር መሞታቸው ከሚጠበቀው በ53 በመቶ ቀንሷል። የእኛ የትልቁ አንጀት ቱቦ ደህና ነው፣ ያ ሥራ አልተቋረጠም።

የቆመው የላይኛው ነው። እዚያ ላይ ነው የሚያመን። ጉበቱ የተጎዳ ሰው የምግብ ቧንቧው ውስጥ ያሉት ደም ሥሮች ይነፋሉ። አንድ ቀን ሲፈነዱ ሰውየው ደም ያስታውካል። ባለፈው ዓመት የመጣ አንድ ወጣት እናቱ ፎጣ ይዛ ነበር። ፎጣው ነጭ እንደነበር ያወቅነው ከጠርዙ ነው። ሐኪሙ ቱቦውን አወረደ። ጫፉ ላይ ግልጽ ቆብ አለ፣ በቆቡ ዙሪያ ትንንሽ የላስቲክ ቀለበቶች ተደርድረዋል። የተነፋውን ደም ሥር ወደ ቆቡ ስቦ፣ እጀታውን አዙሮ ቀለበቱን ለቀቀበት። ታነቀ። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ደሙ ቆመ። የታነቀው ሥጋ በቀናት ውስጥ ራሱ ይወድቃል። ድሮ በቀለበቱ ፋንታ ደም ሥሩን የሚዘጋ መድኃኒት በመርፌ ነበር የሚወጋው። በ1992 የወጣ ጥናት ሁለቱን ሲያወዳድር፣ በቀለበት የታከሙት የደረሰባቸው ጉዳት ያነሰ፣ በሕይወት የቆዩትም የበለጡ ሆነው ተገኙ። ዛሬ እንዲህ ያለ ሰው ቢመጣ ደም እየሰጠን ወደ ሌላ ቦታ መላክ ነው ያለን አማራጭ። መንገዱን የሚችለው ይችለዋል።

አሁን ወደሚቀርብብን ወቀሳ እንምጣ። «ሌሊቱን ሙሉ የሚቀመጥ ቡድን ለምን አልቀጠራችሁም?» ተብለናል። ያልቀጠርነው በስስት አይደለም። በ2020 በ516 የላይኛው ሆድ ዕቃ መድማት ሕመምተኞች ላይ የተሠራ ጥናት ወጥቶ ነበር። ግማሾቹ በ6 ሰዓት ውስጥ ኢንዶስኮፒ ተሠራላቸው። ለሌሎቹ በ6 እና በ24 ሰዓት መካከል ነው የተሠራው። በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት ከመጀመሪያዎቹ 8.9 በመቶ፣ ከሁለተኞቹ 6.6 በመቶ ናቸው። መጣደፉ ጥቅም አልጨመረም ማለት ነው። ደም ግፊታቸው አልረጋጋ ያለ ሰዎች ጥናቱ ውስጥ አልገቡም፣ ይህን ሳንናገር አናልፍም። ለተነፋ ደም ሥር ደግሞ የሕክምና መመሪያዎቹ በ12 ሰዓት ውስጥ ይሠራ ይላሉ። ለዚያ ተረኛን ከቤት መጥራት ይበቃል። ዋናው ተረኛው ሲደርስ የሚሠራ ቱቦ ማግኘቱ ነው።

ቱቦዎቹ ታጥበው ስለሚደርቁበት ቁም ሣጥንም ብዙ ተወርቷል። «ለቁም ሣጥን ይህን ያህል?» ኧረ እንዲህ ያለ ቁም ሣጥን አይደለም! ቱቦው ውስጥ ረጅም ቀጭን ቦዮች አሉ። በብሩሽ ይታሻሉ፣ በጀርም ማጥፊያ ይነከራሉ፣ ይታጠባሉ። ርጥብ ሆነው ካደሩ ግን የተረፈው ጀርም ሌሊቱን ይራባል። ለሐሞት ቧንቧ በሚያገለግሉ ቱቦዎች መድኃኒት የማይበግራቸው ባክቴሪያዎች ከሰው ወደ ሰው የተላለፉባቸው አገሮች አሉ፣ በደንብ የተደራጁ ሆስፒታሎች ውስጥ። ቁም ሣጥኑን ዛሬም ቢሆን እንገዛዋለን።

ያጠፋነው ሌላ ቦታ ነው። የጥገና ውል ይፈረም ሲባል «ለጊዜው ይቆይ፣ ገንዘቡ ለቀለበትና ለክሊፕ (የሚደማውን ቦታ ለሚይዘው ትንሽ መቆንጠጫ) ይዋል» ያልነው እኛ ኮሚቴዎቹ ነን። ቃለ ጉባኤው ላይ ስማችን አለ። ውሉ ቢኖር ቱቦው ተጠግኖ እስኪመለስ ተለዋጭ ይሰጠን ነበር።

በሌላ በኩል ዘመናዊ ነገር እንድንገዛ የሚገፋፉን አሉ። አንደኛው የምግብ ቧንቧ ጡንቻ አልፈታ ሲል በቱቦ የሚቆረጥበት ሕክምና ነው። ግሩም ነገር ነው። በ2019 የታተመ የ221 ሰዎች ጥናት ከቀዶ ሕክምናው እንደማያንስ አሳይቷል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በቱቦ ከታከሙት 83 በመቶ፣ በቀዶ ሕክምና ከታከሙት 81.7 በመቶ ተሳክቶላቸዋል። ሆኖም በአሲድ የምግብ ቧንቧቸው የተቆጣው በቱቦ ከታከሙት 44 በመቶ፣ በቀዶ ሕክምና ከታከሙት 29 በመቶ ናቸው። ለዚህ ብዙ የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል፣ እኛ የለንም። ፖሊፕ የሚጠቁም አርቴፊሻል ኢንተለጀንስም ይግባ ተብሏል። በ2025 ከፖላንድ የወጣ ጥናት እሱን የለመዱ ሐኪሞች ያለ እሱ ሲሠሩ ፖሊፕ የማግኘት አቅማቸው ከ28.4 ወደ 22.4 በመቶ መውረዱን ዘግቧል። ይቆየን።

እኛ የምንለምነው ቀላል ነገር ነው። ቱቦው ይጠገን፤ ሁለተኛ ቱቦ ይኑር፤ ውሉ ይፈረም። ከተረፈ ቀለበትና ክሊፕ። የታመመን መርዳት ጽድቅ ነው ሲባል ያልሰማ በመካከላችን የለም፣ አንሰብክም። ይህን ክፍል ከባዶ መጋዘን ያስነሣችሁት እናንተው ናችሁ፤ ግድግዳውን ቀለም የቀባችሁት እናንተ፣ አልጋውን ተሸክማችሁ ያስገባችሁት እናንተ።

ደግመን እንላለን፦ ሂሳቡ በኮሚቴው ስም የተከፈተ ነው፣ በሦስት ሰው ፊርማ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ቁጥሩ በደረሰኞቻችሁ ላይ እና በክፍሉ በር ላይ ተለጥፏል። አልተለወጠም። «ቁጥሩ ተቀይሯል፣ በዚህ ስልክ ላኩ» የሚል መልእክት ከደረሳችሁ ከእኛ አይደለም፣ አትላኩ። ቃል ገብታችሁ ያልከፈላችሁ፣ የቻላችሁትን ያህል ከፍላችሁ ቀሪውን ንገሩን፣ አንቀየምም። ስታስገቡ «ለኢንዶስኮፕ» ብላችሁ ምክንያቱን ጻፉበት፤ ባለፈው ጊዜ ምክንያት ያልተጻፈበትን ገንዘብ የማን እንደሆነ ለመለየት ገንዘብ ያዣችን ሳምንት ሙሉ ደረሰኝ ስትገለብጥ ነበር።