ለጠበቃዋም ለሚዜዋም

ውድ ሰናይት፣

እንደምን ከርመሻል? ዝምታዬን ይቅር በይኝ፤ አንቺም ዝም ብለሻልና ተቻችለን እንለፈው። አንቺ የሙሽራዋ ሚዜ፣ እኔ የሙሽራው እህት ሆነን ሳለ ትዳሩ ሲፈርስ ምን ብለን እንደምንደዋወል ለሁለታችንም ጠፍቶን ነበር። በዚያ ሠርግ የጫማሽ ተረከዝ ተሰብሮ በባዶ እግርሽ ስትጨፍሪ ያየ የድሬ ሰው ዛሬ አዲስ አበባ ጠበቃ ሆነሻል ቢሉት መቼም አያምንም። ይህን የምጽፈው ለጠበቃዋም ለሚዜዋም ነውና ሁለታችሁም አንብቡልኝ።

ጉዳዩ የልጂቱ ነው። ፍቺው ሲወሰን እናቷ ዘንድ እንድትኖርና አባቷ ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲያያት ታዘዘ፤ ለእኔም ተገቢ መስሎ ታየኝ። ብዙም ሳይቆይ እናቷ ይዛት ሐረር፣ ወላጆቿ ቤት ገባች። ወንድሜ በሚኒባስ ደንገጎን እየወጣ ሲመላለስ አንድ ጊዜ አሟታል፣ ሌላ ጊዜ ፈተና ደርሶባታል፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ የሚከፍት ሰው የለም። ባለፈው ወር አብሬው ሄድኩ። ልጂቱ የግቢውን በር ገርበብ አድርጋ፣ እጇን ከብረቱ ሳታላቅቅ፣ «መጀመሪያ የቀለብ ውዝፍህን ክፈል» አለችው። ገና ስምንት ዓመቷ ነው። እርሱ የያዘውን ብርቱካን ደጃፉ ላይ አስቀምጦ አንድ ቃል ሳይናገር ሲመለስ፣ እኔን በነጠላዬ ጫፍ ሳብ አደረገችኝና ወደ ቤቱ ውስጥ ዞር ብላ እያየች፣ በሹክሹክታ፣ «አክስቴ፣ ድመቷ ወለደች?» ብላ ጠየቀችኝ።

ስለ ውዝፉ ልነግርሽ ይከብደኛል፤ ብደብቅሽ ግን ከእናቷ መስማትሽ አይቀርም። እውነት ነው። ወንድሜ «ካላሳዩኝ አልከፍልም» ብሎ ለወራት አቁሞ ነበር። ቀለብ የልጅ መብት እንጂ የመግቢያ ትኬት አይደለም ብዬ ተጣልቼው ከፍሏል፤ ነገር ግን በዚያ መካከል ልጂቱ የሁለቱን ሒሳብ በቃሏ አጥንታለች። እናቷ ክፉ ሴት እንዳልሆነች ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ፊት ለፊት «አባትሽን ጥዪ» አትላትም፤ እርሱ በመጣ ቁጥር ፊቷ ሲጠቁር፣ ልጅ ደግሞ አብራት የምትኖረውን እናቷን ላለማስከፋት የምትለውን ትላለች።

ለሥራሽ ላስተምርሽ የቃጣሁ አይምሰልሽ እንጂ፣ ሕጉን እኔም ማንበብ ጀምሬያለሁ። ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 113 ፍርድ ቤቱ ፍቺውን ሲወስን ልጆች ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ስለ ትምህርታቸው፣ ስለ ጤናቸውና ስለ ቀለባቸው፣ እንዲሁም ወላጅና ልጅ ስለሚጠያየቁበት ሁኔታ አብሮ እንዲወስን ያዛል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀር እስከ 5 ዓመቱ ድረስ ልጅ ለእናቱ ይሰጥ ነበር፤ አዲሱ ይህን ትቶ ዳኛው የልጁን ዕድሜና ጥቅም እንዲመዝን አድርጓል። ወንድሜ «ደሜ ናት» ሲለኝም የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን የሰበር ሰሚ ችሎት መዝገብ ቁጥር 23632 አስታውሰዋለሁ፤ እዚያ ልጅን ለመውሰድ አባትነት ብቻውን አልበቃም፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 የልጁን ጥቅም አስቀድሞ ነበርና።

ችግሩ ያለው ከውሳኔው በኋላ ነው። «ቅዳሜ ይያት» የሚለው ወረቀት በር ሲዘጋበት የአፈጻጸም መዝገብ ይከፈታል፣ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ቀጠሮው ይራዘማል፤ ዳኛው መጨረሻ ላይ በእጁ ያለው እናትየዋን መገሠጽ ወይም መቅጣት ነው። እናቷ ብትታሰር ልጂቱ አባቷን የምትወድ ይመስልሻል? የገንዘብ ዕዳ የሚያስከፍልበት ሥርዓት የልጅ ልብ ላይ እንዴት ይሠራል?

ወንድሜ ደግሞ የብራዚልን ሕግ ከኢንተርኔት አትሞ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ይህ ሕግ ልጅን ከሌላው ወላጅ በሚያርቅ ወላጅ ላይ ከማስጠንቀቂያና ከመቀጮ ጀምሮ ልጁን ለሌላው ወላጅ አሳልፎ እስከ መስጠት ይደርሳል። «እኛም ይህ ይውጣልን» ይላል። እኔ ግን ፈራሁ። በ1985 እ.ኤ.አ. ጋርድነር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም በሽታ ብሎ ስም ያወጣለት ይህ ልጅን ከወላጁ የማራቅ ነገር በዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ቦታ አላገኘም፤ የተባበሩት መንግሥታት የሴቶች ጥቃት ልዩ ራፖርተርም እ.ኤ.አ. በ2023 አገሮች በፍርድ ቤት እንዳይጠቀሙበት መክራለች፤ ከዱላ የሸሸች እናት «ልጁን አስጠላሽው» ተብላ የምትቀማበት ጊዜ አለና። የእኛ ሰፈር ሴቶች ስንቱን ደብቀው እንደሚኖሩ አንቺም እኔም እናውቃለን። ወንድሜ እጁን አንሥቶባት አያውቅም፤ ሕግ ግን ለእርሱ ብቻ አይወጣም።

እኔ የምመኘው ማሻሻያ ይህን ያህል የገነነ አይደለም። የመጠያየቂያው ትእዛዝ ቦታና ሰዓቱን፣ ልጁን ማን እንደሚያመጣና ማን እንደሚመልስ ለይቶ ይጻፍ፤ አንድ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ይከታተለው፤ አንድ ቅዳሜ ሲታለፍ በሌላ ቀን ይካስ፤ ልጅም ከሁለቱ ወላጆች ርቆ፣ ልጅ ማናገር በሚያውቅ ሰው ይጠየቅ። ጥቃት ነበር ከተባለ ከሁሉ አስቀድሞ እርሱ ይጣራ። እነዚህ በሕጉ በግልጽ ቢሰፍሩና የጊዜ ገደብ ቢኖራቸው፣ ወንድሜም ቀለብ ከልክሎ ለመበቀል፣ እርሷም በር ዘግታ ለመቅጣት ፋታ አያገኙም ነበር። ተሳስቼ ከሆነ እንደ ልማድሽ ሳቂብኝ።

አሁን ወደ ልመናዬ። በዚህ መንፈስ የጻፍኩትን ማመልከቻ በቴሌግራም እልክልሻለሁ፤ ቀይ እስክሪብቶሽን አትሸሽጊ። ሁለተኛው ይከብዳል፤ ደውይላት። የእኔን ስልክ አታነሣም፣ የአንቺን ግን ታነሣለች። ስለ ክሱ አታንሺባት፤ ልጂቱ ለአንድ ቅዳሜ ድሬ ብትወርድ እኔው ራሴ ሐረር ድረስ መጥቼ እንደምወስዳትና ከምሽት በፊት እንደምመልሳት ብቻ ንገሪልኝ። ወንድሜ ይህን መጻፌን አያውቅም፤ እምቢ ካለችሽም ለእርሱ አልነግረውም። ቀጠሮው ጥቅምት ላይ ነውና ከዚያ በፊት ብታናግሪያት ደስ ይለኛል።

ያንቺው ሮማን
ከድሬዳዋ